የአባባ ጠረጴዛ በየት ይውጣ

አባታችን አናጢ ነበር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እሱ በሠራው አልጋ ላይ ተኝቶ፣ እሱ ከሠራው ቁም ሳጥን ልብሱን አውጥቶ፣ እሱ በሠራው ወንበር ላይ ተንፈላሶ ሲኖር፣ እኛ ቤት ያሉት ወንበሮች ግን አንድ እግራቸው የጎደለ ነበር። «ነገ እጠግናቸዋለሁ» ይላል። ነገ ሲመጣ ደግሞ አንዱ በር ያንኳኳና «ጌታዬ፣ አንድ ቁም ሳጥን ለሙሽሮች» ይላል፤ የእኛ ወንበሮች ግድግዳ ተደግፈው ሌላ ነገ ይጠብቃሉ። ስለዚህ አባባ ሲሞት የተወልን ንብረት አንድ ብቻ ነው፦ ጠረጴዛው። ቤቱ ራሱ የኪራይ ነው።

ጠረጴዛ ስላችሁ ታዲያ ተራ ጠረጴዛ እንዳይመስላችሁ። የሳሎኑን እኩሌታ ይዟል። እግሩ የኔን ወገብ ያክላል፤ ወገቤ ደግሞ ቀጭን ነው አላልኩም። አንድ ሚስማር የለበትም፤ በኮላና በእንጨት ችንካር ተያይዞ፣ ከታች በዚህም በዚያም አግዳሚ ተደርጎለት፣ ዝሆን ቢወጣበት «ማነህ?» እንኳ አይለውም። እድሜ ልካችንን በልተንበታል፣ አጥንተንበታል፣ ከቁጣ ሸሽተን ከሥሩ ተደብቀንበታል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አባባ አቅም ሲያጣ እያስታመምኩት እዚያው ቤት ቀረሁ፤ የስፌት መኪናዬን መስኮቱ ሥር አስገብቼ ጨርቄን ጠረጴዛው ላይ መዘርጋት ጀመርኩ። የሙሽራ ቀሚስ ከነጭራው ተዘርግቶ የሚቆረጥበት ሌላ ጠረጴዛ የምታውቁ ካላችሁ አሳዩኝ። ደንበኞቼም ቤቱን ለመዱት። እንጀራዬ እሱ ነው፤ ቀልድ የለም።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባል የለ? ታላቃችን ጋሼ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነው። ተማሪዎቹ «ፊሽካ» ይሉታል፤ እኛ ደግሞ ከነሱ ነው የሰማነው። ቤት ውስጥም ቢሆን ቆሞ፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ነው የሚያወራው። ታናሻችን ነርስ ናት። ልጅ ሆና ድቡልቡል ያለች ስለነበረች ድንቡሼ አልናት፤ ዛሬ እንደ ክር ቀጥናም ስሟ አልቀጠነም። እኔን ቃሪያ ይሉኛል። ለምን እንደሆነ እንጃላቸው።

ነገሩ የተጀመረው አባባን ቀብረን ለቅሶው ካለፈ በኋላ ነው። ጋሼ መጣና ሳሎኑ መሀል ቆመ።

«ከእማማ ቁልፍ ጋር ተነጋግሬ ጨርሻለሁ። ወሩ ሲያልቅ ቤቱ ይለቀቃል። አንቺ እኔ ግቢ ካለችው ክፍል ትገቢያለሽ። ጠረጴዛው ለበኩር ልጅ ነው፤ አባባ ራሱ ነግሮኛል» አለ።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ እንኳ አላለም።

እማማ ቁልፍ አከራያችን ናቸው። የግቢውን ቁልፎች ሁሉ ወገባቸው ላይ አስረው ስለሚዞሩ ሳይታዩ ይሰማሉ። እኔን እጃቸው ላይ ያደግኩትን ልጅ፣ የአባቴ አፈር ሳይደርቅ «ውጪልኝ» ማለታቸው አንጀቴን አሳረረው። ለምን ብዬ ልጠይቃቸው? ቃሪያ ልመና አታውቅም! ከዚያን ቀን ጀምሮ የቁልፉን ድምፅ ስሰማ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ጠረጴዛውን ግን ዝም አላልኩም። «ጋሼ፣ ለኔ ነው የሰጠኝ! ታሞ ሾርባ ስመግበው እጄን ይዞ 'ይቺ ጠረጴዛ ያንቺ ናት' ብሎኛል» አልኩት።

«እኔ ስመረቅ ነው የነገረኝ። ይቀድማል!» አለ ጋሼ።

ድንቡሼ እስከዚያ ድረስ ጠረጴዛው ዳር ተቀምጣ ሻይዋን ስትጠጣ ነበር። ብርጭቆዋን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። «ይቅርታ አድርጉልኝና... ሰርጌ ዕለት በጆሮዬ ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ?»

ለካ ለሦስታችንም ሰጥቶናል! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ አሉ፤ አባባ አንዲትን ላም ለሦስት ሰው አድሎ ነው የሄደው። ከዚያ ወዲያ የስልክ ጦርነት ሆነ። ጋሼ «እንደ ታላቅነቴ» ሲል እኔ ስልኩን እዘጋለሁ። ድንቡሼ «ደም ግፊታችሁን ተለኩ» ትለናለች፣ ቀጥላ ደግሞ ጠረጴዛው ለልጆቿ እንዴት እንደሚሆን ታወራለች። አኮረፍን። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ የሚለው ተረት እኛን አያውቀንም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የጭነት መኪና ግቢው በር ላይ ቆመ። ጋሼ ገመድና የእጅ ጓንት ይዞ ወረደ፤ ሹፌሩ ሸክሙ እስኪወጣ ብሎ መኪናው ውስጥ እንቅልፉን ተያያዘው። እኔ መቀሴን እንደያዝኩ ጠረጴዛው ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ።

«እኔ ሳልሞት አይወጣም!»

«ውረጂ።»

«አልወርድም! ተማሪህ አይደለሁም!»

ድንቡሼም ሰምታ ኖሮ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች እየሮጠች ገባች። «ሁለታችሁም ቁጭ በሉ!» አለች። እኔ ቁጭ ብያለሁ፤ እሱ ነው የቆመው። ጋሼ ግን ማንንም አልሰማ፣ የጠረጴዛውን አንድ ጎን ከነኔ ብድግ አደረገው። እኔ ተንሸራትቼ ወረድኩ፣ ጨርቄ ተከተለኝ፣ ጠረጴዛው ተዘንብሎ ግድግዳውን ሊፍቅ ሆነ።

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ የአናጢ ልጅነት የሚያጋልጠው። ሦስታችንም አንድ ላይ «እንዳይቧጨር!» ብለን ጮህንና ያዝነው። አንዴ ከያዝን በኋላ ማን ይልቀቅ? «ቀስ! ወደ ግራ! ጥግ ጥጉን!» እየተባባልን፣ እንዳይወጣ የማልኩት እኔው ራሴ ተሸክሜው በሩ ጋ ደረስን። ድንቡሼ ወደኋላዋ እየሄደች ቀድማ ወጣች። በጎኑ አዞርነው። የፊት እግሮቹ ወጡ፤ «ግፉ!» አለች፤ ገፋን፤ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።

ቀረ። ወደ ውጭ ሲሉት አይወጣ፣ ወደ ውስጥ ሲሉት አይገባ። ሁለት እግሮቹ ደጅ፣ ሁለቱ ቤት፣ ሆዱ በሩን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል ይላሉ፤ እኛ ደግሞ ቆመን የሰቀልነውን ቁጭ ብለን ማየት ጀመርን።

«ማነው በሩን የለካው?» አለች ድንቡሼ ከውጭ።

ጋሼ እኔን አየኝ። እኔ ጋሼን አየሁት። ሜትር አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል! ቀን ሙሉ የሰው ትከሻና ዳሌ የምለካ ሴት፣ የትምህርት ቤት ዲሬክተር፣ የመድኃኒት ጠብታ የምትለካ ነርስ፣ ሁላችንም «አሥር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ» እያለ ያሳደገን ሰው ልጆች። አንዳችንም አልለካንም። አሁን ብለካው ደግሞ ጠረጴዛው በየትኛውም ጎኑ ከበሩ ይበልጣል።

ቤታችን አንድ በር ነው ያለው። ኩሽናው ግቢ ውስጥ ነው፤ መስኮቶቹ ብረት አላቸው። እኔና ጋሼ ውስጥ ቀረን።

ደሜ ፈላ። «እንኳን ደስ አለህ! ቤት አሳጣኸኝ፣ አሁን ደግሞ በር አሳጣኸኝ! እማማ ቁልፍ አውጥተው ሲጥሉኝ አንድ ቃል ሳትናገርልኝ 'ተነጋግሬ ጨርሻለሁ' ትለኛለህ? ወንድም ነህ አንተ?»

ቅጭል ቅጭል የሚል የቁልፍ ድምፅ መስኮቱ ጋ መጥቶ ቆመ። እማማ ቁልፍ ነጠላቸውን እያስተካከሉ በብረቱ መሀል አዩን።

«ማነው አውጥቶ የጣለሽ?» አሉ።

«እርስዎ ነዎታ!»

«እኔ? ዓይኔን ይንሳኝ! ወንድምሽ አይደል መጥቶ 'እህቴ መልቀቅ ፈልጋለች' ያለኝ? እኔማ ምን አስቀይሜያት ይሆን ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ሰላምታ እንኳ ነፈግሽኝ፣ ስታዪኝ ግድግዳ ትስሚያለሽ!»

እኔ ቀስ ብዬ ወደ ጋሼ ዞርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልነክሰው ምንም አልቀረኝም። በንዴት ተነሥቼ በሩን በላዩ ላይ ደርግሜ ልወጣ ፈለግኩ፤ ግን በየት? ሦስት ጊዜ ወደ ጠረጴዛው ሄጄ ተመለስኩ። ሰው ተጣልቶ መውጫ ሲያጣ እንዴት እንደሚያቃጥል ያላየው አያውቀውም።

«ተናገር!» አልኩት።

ጋሼ ተቀመጠ። በሕይወቴ እኛ ቤት ሲከራከር ተቀምጦ አይቼው አላውቅም። የተቀመጠባት ወንበር እግር የጎደላት ናትና ወደ ጎን ዘመም አለ፤ አልተነሣም።

«ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ ነው» አለ። ድምፁ የፊሽካው ድምፅ አልነበረም። «አባባ ከሞተ ወዲህ፣ ያቺ ልጅ እዚያ ባዶ ቤት መኪናዋን እየረገጠች ምን ታስብ ይሆን እላለሁ። እኔ ጋ ብትመጪ... ጠረጴዛውም ከመጣ... ድንቡሼም እሱ ካለበት አትቀርም። ሁላችንም እንሰበሰባለን ብዬ ነው።»

«ታዲያ እንደዚያ ብለህ አትነግረኝም?»

«ብነግርሽ እምቢ ትያለሽ።»

«እምቢ እላለሁ! ደንበኞቼ እዚህ፣ ሥራዬ እዚህ፣ አባባ እዚህ! ጠይቀኸኝ እምቢ ማለት መብቴ ነው። ጠይቀኸኛል?»

«አልጠየቅኩሽም» አለ። «ይቅር በይኝ» ሲል ጨመረ።

እኔ ለስድብ የተዘጋጀ ሰው ነኝ፤ ለይቅርታ ዝግጅት የለኝም። እንባዬ መጣ። እሱም አፍንጫውን ሳበ። ድንቡሼ ከጠረጴዛው በስተጀርባ «በሩን የዘጋው ጠረጴዛው ነው የናንተ ፀባይ? እስቲ ለኔም ንገሩኝ፣ እዚህ ፀሐይ ላይ ነው ያለሁት!» ብላ ጮኸች።

እማማ ቁልፍ ግን አልሰሙንም። በሩ ላይ የተቀረቀረውን ጠረጴዛ አይተው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። እየሳቁ ነው።

«ኧረ ደገመው! ያ ሰውዬ ከመቃብር ተነሥቶ ደገመው!» አሉ።

«ምኑን ነው የደገመው?»

«በሉ እንግዲህ፣ ሞቶም የለ፤ ምስጢሩን ልፍታው» አሉና መስኮቱን ደገፍ አሉ። «ይህን ጠረጴዛ ለናንተ የሠራው ይመስላችኋል?»

«አዎና! 'ለልጆቼ ብዬ ቤት ውስጥ የሠራሁት' እያለ አይደል ያሳደገን?» አለ ጋሼ።

«ውሸቱን ነው! ለሆቴል ነው የታዘዘው። የሆቴሉ ባለቤት ትልቅ ጠረጴዛ ለአዳራሽ ብሎ አዞት ነበር። ክረምት ነውና ግቢው ጭቃ ሆነ፤ አባታችሁ እንጨቱን ሁሉ ወደ ሳሎን አስገብቶ በሩን ዘግቶ ሲልግ፣ ሲያጣብቅ ሰነበተ። ሲጨርስ ኩራቱ! የሰፈሩን ወንዶች ለሸክም ጠራ። ሁሉም እጅጌውን ሰብስቦ መጣ። ከዚያማ ልክ እንደናንተው እዚህ በር ላይ ቀረ!»

አባባ! ሚስማር የሚመታውን ሰው «ሰነፍ» የሚል፣ ለአንድ መሳቢያ ቀኑን ሙሉ የሚለካ አባባ!

«አፍሮ ምድር ልትውጠው ሆነ። መጋዝ አንሥቶ እግሩን ሊቆርጠው ሲል ያቆመችው፣ ነፍሷን ይማርና፣ እናታችሁ ናት። 'ተው!' አለችው፤ 'ልጆቼ መሬት ላይ ነው የሚበሉት። ለሆቴሉ ሌላ ሥራለት። ይሄን እግዜር ነው የሰጠን፤ እንዳንመልሰው በሩን አጠበበው።' ከዚያ ወዲያ እሷ ሳምንት ሙሉ ሳቀች፣ እሱ ሳምንት ሙሉ አኮረፈ። ለሆቴሉ ሁለተኛውን ሲሠራ ዝናብ እየደበደበው ግቢ ውስጥ ሠራው። እኔን ደግሞ 'ለልጆቹ እንዳይነግሩ' ብሎ አስማለኝ።»

መጀመሪያ የፈነዳችው ድንቡሼ ናት፤ ሳቋ ጠረጴዛውን አልፎ መጣ። ቤቱ ቀለም ሊቀባ ሲል፣ ሰርጓ ሲደርስ፣ ጠረጴዛውን እናውጣው ባልን ቁጥር አባባ ጣቱን ቀስሮ «ጠረጴዛ ቦታውን ከለቀቀ ቤት ይፈርሳል!» ይል ነበር። እኛ የጥንት አባባል መስሎን እድሜ ልካችንን ስናከብረው! ጋሼማ በየዓመቱ ለተመራቂ ተማሪዎቹ በንግግር ያስተላልፈዋል። ይህን ሲናገር ራሱን መያዝ አቅቶት ከዚያች ወንበር ወደቀ። ወድቆም መሬት ላይ ሆኖ ሳቀ። ያ ሁሉ የዲሬክተርነት ክብር መሬት ላይ ተንከባለለ፣ እኔም ሆዴን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የአባባ ሐዘን ከገባብን ወዲህ ከአንጀቴ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ለሦስታችንም ሰጥቶ የሄደው እንደማይወጣ ስለሚያውቅ ነዋ!» አለች ድንቡሼ።

«ለሦስታችሁ?» አሉ እማማ ቁልፍ። «ለኔም ሰጥቶኛል! ጣሪያውን ያስጠገንኩለት ጊዜ 'ይህ ጠረጴዛ የእርስዎ ነው' ብሎኛል።»

እንደገና ወደቅን።

በመጨረሻ መላውን የመታችው ድንቡሼ ናት። «ቀለበት ያበጠ ጣት ላይ ሲቀር ምን እናደርጋለን? ሳሙና!» ብላ ከኩሽና የልብስ ሳሙናና ውሃ አመጣች። እማማ ቁልፍ «መቃኑን ላስፈርሰውና ይውጣ እንጂ» ሲሉ ሦስታችንም አንድ ላይ «አይነካም!» ብለን ጮህን። እሷ ከውጭ፣ እኛ ከውስጥ መቃኑንና እግሩን በሳሙና ለቀለቅነው። እሷ ገፋች፣ እኛ ጎተትን፤ ሙልጭ ብሎ ሲገባ እኔና ጋሼን ግድግዳ ድረስ ወሰደን። ሹፌሩ ከእንቅልፉ ነቅቶ «ወጣ?» ብሎ ጠየቀ። «ገባ!» አልነው።

ጠረጴዛውን ቦታው ላይ አቁመን ዙሪያውን ተቀመጥን፣ እማማ ቁልፍም ጭምር። ዳቦ በሻይ በላን። እኔ እማማን አንገታቸውን አቅፌ ሳምኳቸው። «አልሄድም» አልኳቸው። «ማን ሂጂ አለሽ? አፍ የለሽም መጥተሽ የምትጠይቂኝ? ቃሪያ ነኝ ትያለሽ ደግሞ!» ብለው ጉንጬን ቆነጠጡኝ።

ጋሼ ጓንቱን እያጣጠፈ ብዙ ከቆየ በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሑድ እሑድ... ልጆቹን ይዤ ብመጣ ይቸግርሻል?»

ድንቡሼ በክርኗ ጎሸመችኝ። ጋሼ ጠየቀ! መልሱን የማያውቀውን ጥያቄ ጠየቀ!

«ወንበር የለኝም እንጂ ጠረጴዛስ አለኝ» አልኩት።

ይህን ማለት አልነበረብኝም። በሚቀጥለው እሑድ ያው የጭነት መኪና መጣ። ጋሼ ፊቱ እያበራ ወረደ። ሌላ አናጢ ጋ ሄዶ አግዳሚ ወንበር አሠርቶልኛል፤ ባለ ድጋፍ፣ ባለ እጅ ማሳረፊያ፣ ሁላችንንም በአንድ ረድፍ የሚይዝ። «በልኩ ነው ያሠራሁት! ባለፈው ስሄድ የጠረጴዛውን ርዝመት ለክቼ ነበር» አለ።

ግማሹ በበሩ ገባ። ከዚያ ጠረጴዛው ፊት ለፊቱ ቆሞ «ወዴት ነህ?» አለው። ወደ ግራ አይታጠፍ፣ ወደ ቀኝ አይታጠፍ፤ ብናቆመው ጣሪያ፣ ብናጋድመው መቃን።

«ጋሼ» አለች ድንቡሼ ጣፋጭ በሆነ የነርስ ድምፅ፣ «በሩንስ ለካኸው?»

ጋሼ ወንበሩን አየ፣ በሩን አየ፣ እኛን አየ። «አሁን በየት ይግባ?» አለ።

«የአባቱ ልጅ!» አሉ እማማ ቁልፍ ከግቢ።

ወንበሩ ዛሬም ደጅ፣ መስኮቴ ሥር ነው። ደንበኞቼ ተራ የሚጠብቁት እሱ ላይ ነው። እሑድ እሑድ ልጆቹ ጠረጴዛው ሥር ሲሯሯጡ ጋሼ እዚያ ይቀመጥና የሚመጣውን የሚሄደውን ያዋራል። ባለፈው አንዲት ሙሽራ ቀሚሷን ልትለካ መጥታ በመስኮቱ አሻግራ አይታ «እንዴት ያለ ጠረጴዛ ነው!» አለች።

«አባታችን ነው የሠራው» አላት ጋሼ ደረቱን ነፍቶ። «ለኛ ለልጆቹ ብሎ፣ እዚሁ ቤት ውስጥ።»

በብረቱ መሀል ተያየን። አፌ በስፒል ተሞልቷል፤ ባይሞላም ምንም አልል ነበር።